መስተፋቅር በማርማላታ ጠርሙስ

አዳነን የወደድኩት በገዛ ፈቃዴ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ሰው እንዲያምነኝ ብዬ ያየሁትን አበሳ ጠላቴም አይየው።

የተዋወቅነው ከወልድያ ወደ መርሳ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ነው። መርሳ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ እሁድን አባቴ ቤት ወልድያ አሳልፌ ሰኞ ማለዳ እመለሳለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ቀጭን ወጣት ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን የማርማላታ ጠርሙስ ደጋግሞ ያያል። ቆይቶ ጎንበስ ብሎ ወለሉን መፈለግ ጀመረ።

«ምን ጠፋብህ?» አልኩት።

«እህቴ፣ እንዳትደነግጪ። እግርሽን ብቻ አታንቀሳቅሺ። ጊንጥ ናት። የሞተች መስሎኝ ነበር።»

በጩኸቴ ሾፌሩ መኪናውን አቆመ። ተሳፋሪው ወርዶ መንገድ ዳር ሲራገም፣ እሱ ጊንጧን ጠርሙሷ ውስጥ መልሶ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«እግሯን ብትቆጥሪው ስምንት ነው» አለኝ። «ሰው ከነፍሳት ይደምራታል እንጂ የሸረሪት ዘመድ ናት።»

«አንተንስ ከምን ልደምርህ?» አልኩት በንዴት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ እስከ ዛሬም ሲያየኝ ንዴቴ ይጠፋል። ያን ዕለትም ጠፋና ሳቅሁ። ነገሬ በዚያው ተበላሸ።

አዳነ መርሳ የባዮሎጂ መምህር ነበር። አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት በየወገናቸው ለይቶ ለማትሪክ ተፈታኞቹ በዓይናቸው ሊያሳያቸው ይፈልጋል። ሰሌዳ ላይ የተሳለ ትል ምን ያስተምራል ባይ ነው። ስለዚህ ከወንዙ አልቅት፣ ከመስኖው ቦይ ቀንድ አውጣ፣ ከጤና ጣቢያው ደግሞ፣ ጉዴን ስሙልኝ፣ ኮሶና ወስፋት ሰበሰበ። አብረን ስንሄድ እጄን ይይዘኛል ብዬ እጠብቃለሁ፤ እሱ ድንጋይ ይገለብጣል።

«አየሽ ሓረጉ፣ ኮሶና ወስፋት ሁለቱም ትል ይባላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ኮሶ ጠፍጣፋ ነው፤ ወስፋት ድቡልቡል። አልቅት ግን ከምድር ትል ጋር አንድ ወገን ነው። ሰውነቱ ቀለበት ቀለበት ነው።»

ቀለበት ሲል ልቤ ዘለለ። ወሬው ስለ አልቅት ነበር።

ፎርማሊን ስላልነበረው የሞቱትን የሚያኖረው አረቄ ውስጥ ነው። መከራችንም የመጣው በዚሁ በአረቄው በኩል ነው። ቤት ያከራዩት እትዬ እታፈራሁ፣ «ይህ ልጅ አረቄ ይገዛል፣ አይጠጣም። ታዲያ ማን ነው የሚጠጣለት?» እያሉ ሲብሰለሰሉ ሰንብተው፣ አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ሲያገኙት መደርደሪያውን አዩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወልድያ ገባ። መምህሩ ደጋሚ ነው፤ የነጋዴውን የአቶ ኣስፋሃን ልጅ በመስተፋቅር ይዟታል ተባለ።

በዚያ በደርግ ጊዜ ሰው የሚጠረጠረው ወረቀት በመበተን ነበር። የእኔው ሰው በቀንድ አውጣ ተጠረጠረ።

ከአገሩ ከግራና የመጡት አጎቶቹ ለሽምግልና አባቴ ቤት ተቀምጠው ገና «ልጅዎን ለልጃችን» ከማለታቸው፣ አባቴ አቋረጧቸው። «መጀመሪያ ልጁ ራሱ ይምጣና ስለ ጠርሙሶቹ ያስረዳኝ።»

አዳነን ለመንኩት። «ጠርሙስ የሚባል ነገር ይዘህ እንዳትመጣ። ለተማሪ ማስተማሪያ ነው በልና ዝም በል። በማርያም፣ ዝም በል።»

«እሺ» አለኝ።

በሳጥን ሞልቶ ይዞ መጣ! ከጓዳ በመጋረጃው ጥግ ሳየው ራሴን ያዝኩ። አባቴና የነፍስ አባታችን መምሬ ፈንታው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አዳነ ጠርሙሶቹን ፊታቸው ደረደረ፤ ክፍል የገባ መስሎት ነው መሰል ፊቱ በራ።

«ይኸኛው አርትሮፖዳ ነው። ይህ ሞለስካ። ይህ አኔሊዳ። ይህ ኔማቶዳ። ይህ ደግሞ...» ኮሶውን ከፍ አደረገ። «ፕላቲሄልሚንተስ!»

መምሬ ፈንታው መስቀላቸውን ጨበጡ። «የማን ስም ነው ይህ፣ ልጄ?»

«ከላቲንና ከግሪክ የመጣ ነው፣ አባ። በዓለም ሁሉ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።»

አባቴ በርጩማቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። «ሲጠሩስ ይመጣሉ?»

በማግስቱ እኔ ጠበል ተወሰድኩ።

ገና ሳይነጋ ያን በረዶ ውሃ አናቴ ላይ ያወርዱብኛል። መምሬ ፈንታው መስቀሉን ግንባሬ ላይ ያደርጉና «ማን ነህ? ተናገር!» ይላሉ።

«ሓረጉ ነኝ!» እላለሁ ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

«በምን ያዝካት?»

«አውቶቡስ ላይ ዓይኑን አይቼ ነው፣ መምሬ! ስንቴ ልንገርዎት?»

አንድ ጠዋት ከጠበሉ ስወጣ አዳነ በር ላይ ቆሟል። እጁ ባዶ ነው።

«ሁሉንም ቀበርኳቸው» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«እነሱ ከሌሉ ይተዉሻል ብዬ ነው።»

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። «ማን ቅበር አለህ? ማትሪክ ደርሷል፤ ለተማሪዎችህ ምን ልታሳይ ነው?»

ነጠላዬ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየ። «አንቺ በብርድ እየተንቀጠቀጥሽ ኮሶ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ከኮሶ የበለጥኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። ያን ዕለት እጄን ያዘኝ፤ ድንጋይ አልፈለገም።

መምሬ ፈንታው እውነተኛ ሰው ናቸው። ቤት ይዘውኝ ገብተው ለአባቴ እንዲህ አሏቸው፦ «አቶ ኣስፋሃ፣ ጠርሙሱም ተቀብሯል፤ ጠበሉም ፈስሶባታል። ልጅቱ አሁንም አዳነ ትላለች። ምንም የለባትም፤ ወዳው ነው።»

«ወዳው ከሆነማ የባሰ ነው» አሉ አባቴ።

መምሬ ወጡ። አባቴ በርጩማቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ።

«ጓለይ» አሉኝ፤ በትግርኛ «ልጄ» የሚሉኝ ሆዳቸው ሲባባ ነው። «መተት ቢሆን መድኃኒት ነበረው። ነገ ቢከፋሽ እኔ ማንን እወቅሳለሁ?»

«እኔን ይውቀሱኝ፣ አባባ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ትኩር ብለው ያዩኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

«በይ እንግዲያው፣ ሽማግሌዎቹ ይመለሱ» አሉ።

ያን ሁሉ ቀን ስቆጣ ከርሜ፣ ያን ጊዜ አለቀስኩ።