ማግኔቱ ከሳሩ ሥር ያወጣው

ይህን ከማንም አልሰማሁትም። በዓይኔ ያየሁት ነው... ያላመነኝን ሰው አልቀየመውም።

ባለፈው ነሐሴ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ። ተልሳ፣ ኦክላሆማ። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም።

በረዶ የደበደበውን የአንድ ሽማግሌ ቤት ጣሪያ ቀይረን ጨርሰናል። ሦስት ነን፤ አጎቴ ሎሬንሶ፣ ልጁ ቹይ እና እኔ። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ አብሬያቸው እሠራለሁ። ሥራዬ ከጣሪያው የረገፈውን ምስማር ሳሩ ላይ በሚገፋ ባለ ጎማ ማግኔት መልቀም ነው።

ማግኔቱን የመረጠው አጎቴ ነው። ልንገዛ ሱቅ ስንገባ ቹይ ቀላሏን ሊያነሳ ሲል፣ "እሷ ለሲሚንቶ ወለል ነው የምትሆነው" አለው። "ሳር ምስማር ይደብቃል። ጎማው ትልቅ፣ ማግኔቱ ጉልበተኛ ይሁን።"

አጎቴ አንድ ልማድ አለው። ሥራ ሲያልቅ ጫማውን አውልቆ፣ የቤቱ ባለቤት እያየ ሳሩን በባዶ እግሩ ይዞረዋል። "ፊርማዬ ይሄ ነው" ይላል።

ግን አጎቴ ስኳር አለበት። እግሩ ስሜት የለውም። ሐኪሙ፣ እሾህ እንኳ ቢወጋህ እግርህ ይቆረጣል ብሎታል።

ስለዚህ አንድም ምስማር መተው የለብኝም።

መጀመሪያ ሳሩን በቁመት ሄድኩበት። እጀታውን ስስበው ማግኔቱ የያዘውን ምስማር ባልዲ ውስጥ ለቀቀ። አጫጭር፣ ራሳቸው ሰፊ። የኛ ናቸው።

ከዚያ በአግድም።

እጀታውን ሳብኩ...

ረጃጅም ነበሩ። እርጥብ።

አንዱን አነሳሁት። ይሞቃል። ጫፉ ላይ የሰው ጥፍር ተጣብቋል።

ባልዲውን ይዤ ወደ ቹይ ሄድኩ። ዕቃችንን ፒካፑ ላይ እየጫነ ነበር።

"ይሄ የኛ አይደለም" አልኩት በሹክሹክታ።

"ምስማር መታወቂያ የለውም፣ እቴ።"

"ጥፍሩስ?"

ሳቁ ጠፋ። "...አባዬ ጫማውን እንዳያወልቅ።"

ቀና ስንል አጎቴ ካልሲውን እያጣጠፈ ነው።

"አጎቴ፣ ቆይ... ገና ነው" አልኩ። ድምፄ ድሮም ከጉሮሮዬ አያልፍም።

"ሁለቴ ሄድሽበት አይደል? በቃ። ያንቺን እጅ አውቀዋለሁ።"

ሽማግሌው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። "ተይው ይሂድ፣ ልጄ" አሉኝ። "ሳሩ ባዶ እግር ይወዳል።"

አጎቴ ገባበት።

አንድ እርምጃ... ሌላ...

መሀል ላይ ቆመ። ሳቀ። "እግሬ እምቢ አለኝ እኮ" አለ።

ቁልቁል አየሁ። ከእግሩ ላይኛው በኩል፣ ከአጥንቶቹ መሀል፣ የምስማር ጫፎች እየበቀሉ ነበር... አንድ በአንድ... እንደ ሳር።

ቹይ በቦት ጫማው ሮጦ ከአባቱ ብብት ሥር ገባ። አነሳው። መሬቱ አልለቀውም።

"ያዢው" አለኝ። ሮጬ ወገቡን ያዝኩ።

የጣሪያ መንቀያውን ብረት ከአባቱ ተረከዝ ሥር ሰደደ። በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። ሁለት ጣቶቹና የውስጥ እግሩ ሥጋ ሳሩ ላይ ቀሩ።

አጎቴ አልጮኸም። የጮኸው ቹይ ነው።

ሁለተኛውን እግር ሲያላቅቅ አጥንት ተሰበረ። ሳሩ ደሙን ወዲያው ጠጣው...

ሽማግሌው ከወንበራቸው አልተነሱም።

አጎቴን ፒካፑ ላይ ጭነን ወደ ሆስፒታል በረርን። ነርሶቹ ተቀብለው አስገቡት፤ ቹይ ተከተላቸው። እኔ መኪናው ጋ ቀረሁ።

ከኋላዬ ብረት ተንኮሻኮሸ...

ፒካፑ ላይ የተውኩት ባልዲ ነው። ረጃጅሞቹ ምስማሮች በራሳቸው ቆመዋል። ጫፋቸውን በሙሉ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ቀስረዋል።

ቹይ ደወለ። "ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ወደ ቀዶ ጥገና እየገፉት ነው።"

ምስማሮቹ ባንድነት፣ ቀስ ብለው ሕንፃው ወንዙን ወደሚያይበት ጎን ዞሩ።

"በወንዙ በኩል?" አልኩት።

"...እንዴት አወቅሽ?"

ስልኩን ዘጋሁት።

ፀሐይዋ ስትጠልቅ ስልኩ እንደገና ጮኸ። "አባዬ አረፈ" አለ ቹይ። ከዚያ ለቅሶው ተሰማኝ።

ምስማሮቹ ወደ ታች ማመልከት ጀመሩ። ጫፋቸው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረሰ... አንደኛው...

መሬት ላይ ደረሰ።

አልቆሙም... ከመሬት በታች እየተከተሉት ነበር።