የሚገፋውና የሚጠመዘዘው

ነርሷ ልዕልት የሌንሱን ማሸጊያ ከጥጉ ይዛ ቀስ ብላ እየላጠች ነበር። ውስጡን ሳትነካ በንጹሑ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ሰዓቷን ይዛ ጠበቀች። ሌንሱ የታካሚው ዓይን ውስጥ ገብቶ ሲዘረጋ ጻፈች።

«ሃያ ሦስት ሰከንድ።»

«ፈጠንኩ?» አለ ዶክተር አንዱዓለም፣ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ።

«የፈጠነው መሣሪያው ነው።»

ሲስቅ ጭምብሉ ትንሽ ተነፋ።

ጎንደር ያለው የዓይን ክፍላቸው ለዓይን ሞራ ሕክምና ከሁለት የሌንስ ማስገቢያዎች አንዱን መምረጥ ነበረበት። ሁለቱም ሌንሱ ቀድሞ ተጭኖባቸው የሚመጡ ናቸው። አንዱ እንደ መርፌ በአውራ ጣት ይገፋል፤ አንድ እጅ ይበቃዋል። ሌላው በሁለት እጅ ይጠመዘዛል፤ ይዘገያል፤ ዓይኑን የሚደግፍ የሌላ ሰው እጅም ይፈልጋል። በእያንዳንዱ አርባ አርባ ሰው ሊታከም ነው። አንዱዓለም ይሠራል፤ ልዕልት ትመዘግባለች።

በእነዚያ አራት ወራት ከሥራ በኋላ እስከ ፒያሳ አብረው ይወርዱ ነበር። እሱ ብዙ አይናገርም። እሷም እንደዚያው። በመጋቢት አንድ ቀን የአዘዞ ሚኒባስ እየጠበቁ ሳለ «ሽማግሌ ቢመጣባቸው አባትሽ ይቆጣሉ?» አላት።

«እንደ ላኪው ነው» አለችው። ሚኒባሱ መጣ።

ሥራው በግንቦት አለቀ። ረቡዕ ጠዋት በስብሰባው ላይ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኤሌኒ የውጤቱን የመጀመሪያ ገጽ አነበቡ። መጨረሻው ላይ፣ «ሌላ አስተያየት» በሚለው ሥር፣ ልዕልት ጽፋ ነበር፦ «የሚገፋውን ሲጠቀም ሐኪሙ ትንፋሹን ይይዛል። ሌንሱ ስድስት ጊዜ ተፈናጥሯል።»

«ሲስተር፣ የመዘንሽው መሣሪያውን ነው ወይስ ዶክተሩን?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ሰው። ሁሉም ሳቁ።

አንዱዓለም ወረቀቱን ሳያነሳ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟን ትቶ «ሲስተር» ይላት ጀመር፤ ወደ ፒያሳም በሌላ መንገድ መውረድ ያዘ።

በሦስተኛው ሳምንት አባቷ መሪጌታ ወልደኢየሱስ የዓይን ሞራቸውን ሊያስወጡ ከጠዳ መጡ። የድጓ መምህር ናቸው። ዜማውን በቃላቸው ያውቁታል። ከፊደሉ በላይ የሚጻፉትን ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ማየት ግን ስላቃታቸው የተማሪ መጽሐፍ ማረም ትተዋል። ግራ ዓይናቸው በሌላ በሽታ ድሮ ጠፍቷል። የቀራቸው ቀኙ ነው።

«ማን ይሥራኝ?» አሉ።

«አንዱዓለም።»

«ያ ትንፋሹን ይይዛል ያልሽኝ?»

«እሱ።»

«ምነው፣ ሌላ ሸጋ ሐኪም ጠፋ?»

ልዕልት የአባቷን ነጠላ ታስተካክል ጀመር። «እንግዲያው ይሁን» አሉ አባቷ።

አንዱዓለም የመሪጌታን የሕክምና ካርድ ሲያይ ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

«ሲስተር፣ ዶክተር ኤሌኒ ይሥሯቸው። ያላቸው አንድ ዓይን ነው።»

«አንድ ስለሆነ ነው አንተን ያልኩት።»

«የጻፍሽውን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ሁለተኛውን ገጽ አንብበሃል?»

«አላነበብኩም።»

«እዚያ ያለው የሚጠመዘዘው ነው። አርባ ሰው። አንድም ጊዜ ትንፋሽህን አልያዝክም፤ አንድም ሌንስ አልተፈናጠረም። ሁለቱም እጆችህ ሥራ ሲይዙ ትረጋለህ።»

ካርዱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«የሰውን ሁሉ ትንፋሽ እንዲህ ትከታተያለሽ?»

«የሁሉንም አልከታተልም» አለች። ፊቷ ሲሞቅ ተሰማት።

ወለል የምትወለውል ሴት በመሃላቸው ይቅርታ ብላ አለፈች። ሁለቱም የረጠበውን ወለል አዩ።

«ዓይኑን የሚደግፍልኝ እጅ ያስፈልገኛል፣ ልዕልት» አለ በመጨረሻ።

«የጓንት ቁጥሬ ስድስት ተኩል ነው።»

በማግስቱ መሪጌታ ከጨርቁ ሥር ተኙ። ሞራው ወጣ፤ የሚጠመዘዘው ተዘጋጀ። አንዱዓለም በሁለት እጁ ያዘው፤ አልጀመረም።

«ልጄ፣ ትንፋሽህ አይሰማኝም» አሉ መሪጌታ።

«አለሁ፣ የኔታ። አሁን አይናገሩ፤ ዓይንዎ ይንቀሳቀሳል።»

«አንተ ከተነፈስክ እኔ ዝም እላለሁ።»

ልዕልት ዓይኑን ደግፋ እንደያዘች የአንዱዓለም ትከሻ ዝቅ ሲል አየች። መጠምዘዣው መዞር ጀመረ። ሌንሱ ቀስ እያለ ወጣ፤ ተዘረጋ፤ ቦታውን ያዘ። ሰከንዱን የቆጠረ አልነበረም።

ጠዋት መሸፈኛው ሲነሳ መሪጌታ ብዙ ጊዜ አጨነቆሩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«የጋዋንሽ አንዱ ቁልፍ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም።»

ልዕልት ቁልፉን በእጇ ሸፈነችው። መሪጌታ ዞረው ሐኪሙን አዩት።

«አንተስ ምን ይገትርሃል?»

«የኔታ፣ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር።»

«መቼ?»

«በመጋቢት።»

«ሰኔ ገባ እኮ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ትንፋሽህን ይዘህ ነው?»

አንዱዓለም መሬት መሬት እያየ ሳቀ።

«ላካቸው» አሉ መሪጌታ። «በዚህ ሳምንት ግን አይሁን፤ የተማሪ መጽሐፍ ተከምሮብኛል።»

ልዕልት ቀና አላለችም። የሌንሱ ቁጥር ያለበትን ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት በአባቷ ካርድ ላይ፣ «ቀኝ ዓይን» ከሚለው ጎን ለጠፈች። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ተጭና አስተካከለች። ካርዱን ዘግታ ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠችው።