ጫማ አይታ የምትመልስ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በጣሊያን አገር፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ የተባለው አደባባይ የሐበሻ ሴቶች ነው። ሲኞራዎቹ ለሠራተኞቻቸው ዕረፍት የሚሰጡት ሐሙስና እሑድ ስለሆነ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት በሰው ቋንቋ የከረመች ሁሉ ለባብሳ ትመጣለች። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተጣብበው ይሳሳቃሉ። ልዕልቲም ከጓደኛዋ ከለተንኪኤል አጠገብ ትቀመጣለች። ብዙ አታወራም። የሚያልፉትን ሰዎች እግር ታያለች።

ረዳ መጀመሪያ ያስተዋላት በዚህ ነው።

ረዳ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ለትምህርት ጣሊያን መጥቶ፣ አብዮቱ ጓደኞቹን ከበላ በኋላ ተመለስ ሲባል ሳይመለስ የቀረ። ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ ከሌሎች ልጆች ጋር በአንዲት ክፍል ተዳብሎ ይኖራል፤ ሥራ ባገኘ ቀን የገበያ ሣጥን ያወርዳል። አንድ ሐሙስ ለለተንኪኤል የተላከ ዕቃ ሊያደርስ መጣና ልዕልቲንም ሰላም አላት። እሷ ዓይኗን ወደ ጫማው አወረደች። የቀኙ አፉን ከፍቷል። ቆይታ ነው «እግዚአብሔር ይመስገን» ያለችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ በአዲስ ጫማ መጣ።

«አሁንስ?» አላት።

«ምኑ?»

«ጫማዬ ነዋ። ባለፈው ከፊቴ በፊት እሱን ነው ያየሽው። ይኸው በአንቺ ጦስ እስከ ወር መጨረሻ ዳቦ ብቻ ልበላ ነው።»

ለተንኪኤል ሳቀች። «አንተን ብቻ መሰለህ? እሷ የጳጳስም ጫማ ነው የምታየው።»

«አሮጌውም ደህና ነበር» አለች ልዕልቲ፣ አንገቷን ደፍታ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ አብረው መሄድ ጀመሩ። የቪያ ቮልቱርኖን መንገድ ይወርዳሉ፤ እግራቸው ወዳደረሳቸው ይሄዳሉ። እሱ ያወራል፤ እሷ ትሰማለች። አማርኛዋ የተማሪ ቤት አማርኛ ስለሆነ ሲያበሽቃት «አሁን ደግሞ የዜናውን ዝርዝር አሰሚን» ይላታል። እሷ በመዳፏ አፏን ከልላ ትስቃለች። ማታ በአሠሪዋ በሲኞራ ማርያ ቤት፣ ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ክፍሏ ሆና፣ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ታስታውሳለች።

አንድ ነገር ግን ረዳን ይከነክነው ነበር።

«ቡና ወይስ ሻይ?»

«አንተ የምትጠጣውን።»

«በወንዙ በኩል እንሂድ?»

«እንዳልክ።»

«አንዳንዴ ከራሴ ጋር የምሄድ ይመስለኛል» አላት አንድ ቀን። ቀልድ ነበር፤ ግን ሁለቱም አልሳቁም።

በስደተኝነት ለመሄድ ያመለከተባት አውስትራሊያ በመስከረም ተቀበለችው። እየሮጠ መጥቶ ነው የነገራት። ማክሰኞ የመጨረሻ ቃሉን መስጠት አለበት፤ ሚስት ካለው ሚስቱም ትሄዳለች።

«ልዕልቲ፣ እንጋባና አብረን እንሂድ።»

ዓይኗ ሳታዘው ወደ ጫማው ወረደ። አዲሱ ጫማ አርጅቷል። አጠገባቸው ትራም ቆሞ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ።

«ምን ብልህ ነው ደስ የሚልህ?» አለችው በመጨረሻ።

ረዳ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ደስ የሚለኝን ነገርኩሽ። የጠየቅሁት አንቺን ነው።» ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» ብሎ ጥሏት ሄደ። እንዳልወደደችው፣ እምቢ ማለት ከብዷት እንደሆነ ገምቷል። እሷም የገመተውን አወቀች፤ ስሙን ጠርታ ልታስቆመው ግን አልቻለችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልዕልቲ ቤቱን እየጠየቀች ሄደች። ወንድ ፈልጋ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። ረዳ ወጥቶ ሲያያት ደነገጠ። ከበሩ ማዶ ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጡ።

«የመንደሬን ልንገርህ» አለችው።

መንደሯ ከደቀምሐረ ወዲያ ናት። ቀን ቀን የመንግሥት ጦር ይገባል፤ ሲመሽ ታጋዮቹ ይመጣሉ። አንደኛው ሌላውን ቅኝ ገዢ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ያኛውን ወንበዴ ይለዋል። መንደሩ ሁለቱንም ያበላል። አባቷ ቀን የቀበሌ ሊቀመንበር፣ ማታ የታጋዮቹ ሸንጎ አባል ነበሩ፤ ሁለቱንም ሹመት የሰጧቸው ሳይጠይቋቸው ነው። ሠርግ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልቃል። የታጠበ ኩባያ ደጅ አይሰጣም፤ ከቤተሰቡ ቁጥር የበለጠ ኩባያ ከታየ ሌሊት እንግዳ ነበረ ማለት ነው። ልጆች አፋቸውን እንደፈቱ የሚማሩት አንድ ነገር ነበር፦ የሚጠይቅህን ሰው መጀመሪያ እግሩን እይ። ከስክስ ጫማ ያደረገ ወታደር ነው፤ የፕላስቲክ ሰንደል ያደረገ ታጋይ ነው። መልስህን እንደ ጫማው ስጥ።

«አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሰንደል ያደረጉ ሰዎች መጡ» አለች። «በትግርኛ ነው ያናገሩን። ‹ጓዶቻችንን አብልታችኋል ወይ?› አሉ። አባቴ ሰንደሉን አየና ‹አዎ፣ ትናንት በልተው ሄዱ› አለ። ለካ የጦሩ ሰዎች ናቸው፤ ሰንደሉን የገፈፉት ከሞቱት ላይ ነው። አባቴን ይዘውት ሄዱ። አልተመለሰም።»

ረዳ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ጫማውን አያለሁ። አይቼም አላምነውም። የምፈልገውን ከተናገርኩ አንድ ሰው የሚወሰድ ይመስለኛል።»

«እኔ ምን እወስድብሻለሁ፣ ልዕልቲ?»

«ምንም። አውቃለሁ። አሎራ፣ እንግዲህ መልሴን ስማኝ።» ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። እንዲህ በቅርብ ሆና ዓይኑን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። «እወድሃለሁ። ግን አልሄድም።»

ልትናገር የምትችለው ከባዱ ነገር የመጀመሪያው መስሏት ነበር። ሁለተኛው ባሰ።

«ለምን?»

«ታናሽ እህቴ ለምለም አለች። አሁን አድጋለች፤ የአንዱም የሌላውም ዓይን ውስጥ ገብታለች። ታጋዮቹ ‹ለትግሉ ተራዋ ደርሷል› ብለዋል፤ ወታደሮቹ ደግሞ ‹ይቺ ልጅ የት ታድራለች?› እያሉ እናቴን ይጠይቃሉ። ሲኞራ ማርያ ለአክስቷ ቤት ሠራተኛ አድርጋ ልታስመጣልኝ ቃል ገብታለች። እኔ የእሷን ቤት ከለቀቅሁ ነገሩ ይቀራል።»

«እንግዲያው እኔ ልቅር።»

«ቅር ብልህ ደስ ይለኛል። ግን አልልህም። ያለ ፔርሜሶ እዚህ ምን ትሆናለህ? ሣጥን ተሸክመህ ታረጃለህ፤ አንድ ቀን ደግሞ ፊቴን ስታየው ይህ ሁሉ ትዝ ይልሃል።»

ረዳ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ቆይቶ ሳቅ የሚመስል ድምፅ ወጣው። «ዓመት ሙሉ የራስሽን ቃል ስለምንሽ ከረምኩ» አለ። «ይኸው፣ ሰጠሽኝ።»

እጁን ይዛ ቆየች። ከላይ፣ ከመስኮት፣ አንዲት አሮጊት የታጠበ ልብስ እያሰጡ አይተዋቸው ዞር አሉ።

ማክሰኞ ረዳ ለብቻው ፈረመ። በኅዳር ሄደ። ሐሙስ ሐሙስ ልዕልቲ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ መምጣቷን አልተወችም፤ ለተንኪኤልም አጠገቧ ያለውን ቦታ ማንም እንዲቀመጥበት ሳትፈቅድ ብዙ ጊዜ ቆየች።

ለምለም የደረሰችው በግንቦት ነው። ከስታ፣ ረዝማ፣ የእናታቸውን ነጠላ ለብሳ። በመጀመሪያው ሐሙሳቸው ከተማውን ሲዞሩ ውለው አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ብቻሽን ነበርሽ?» ብላ በትግርኛ ጠየቀቻት።

«አንድ ልጅ ነበር። ረዳ ይባላል።»

ስሙን በትግርኛ መሃል ስታነሳው የመጀመሪያዋ ነው። የማታውቀው ሰው ስም መሰላት።

«ትወጂው ነበር?»

«አዎ።»

«የት ሄደ?»

«አውስትራሊያ።»

ለምለም አሰበች። «አንቺ ለምን አብረሽው አልሄድሽም?»

ልዕልቲ እህቷን አየቻት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ መለሰችላትና አስተካከለችላት።

«ነይ» አለቻት፣ «አውቶቡሱ መጣ።»