የቀለበቱ ልክ

ቀለበቱ አንጓው ላይ ሲደርስ ቆመ።

ሹፌሩ ትንሽ ገፋ አደረገው። አልሄደም። አዞረው። አልሄደም። የቁንጫ እህት ከንፈሯን ነክሳ ጣቷን ብታፍታታም ቀለበቱ ወይ ፍንክች።

«ሳሙና ላምጣ?» አለች ቁንጫ።

ማንም አልሳቀላትም። «ቁንጫ» ያለቻት እህቷ ናት፤ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማይሆንላት። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የክፍል ጓደኞቿም በዚሁ ነው የሚጠሯት። ዛሬ ግን ብርቅ ነው፣ በሩ አጠገብ ያለች በርጩማ ላይ ተጣብቃ ተቀምጣለች።

ለእንግዶቹ ቦታ እንዲገኝ የስፌት መኪናው ወደ ግድግዳው ተገፍቶ በአንሶላ ተሸፍኗል። ከሥሩ ያልተዘመዘሙ የወታደር ሱሪዎች ተከምረዋል። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ እህቷ ከወታደር ሱሪ ሌላ ሰፍታ አታውቅም። ሹፌሩ ድሮ ለሰፈሩ ሱቆች ዳቦ ያከፋፍል ነበር፤ አሁንም መኪናዋ ያችው ናት፣ የምትጭነው ግን ጥይት ነው። አጭር ፈቃድ አግኝቶ መጥቷል፤ እኩለ ቀን ላይ ወደ ግንባር ይመለሳል። ከዚያ በፊት ቀለበት ሊያስር አጎቱን ይዞ መጣ።

አጎቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንተ ልጅ፣ የማንን ጣት ለክተህ ነው ያሠራኸው?»

ለቀልድ ነበር ያሉት። እህቷ ግን ቀና ብላ ሹፌሩን አየችው።

«እውነት፣ የማንን ነው?»

«ያንቺን ነዋ!»

«እኔን መቼ ለካኸኝ?»

የሹፌሩ ዓይን ለአፍታ ወደ በርጩማዋ ሄዶ ተመለሰ። «ከማምነው ሰው ነው ልኩን ያገኘሁት» አለ።

«ከማን?»

ሹፌሩ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ጀመር።

ቁንጫን ፊቷን እሳት በላት። ባለፈው ፈቃዱ፣ «የእህትሽን ጣት በክር ለክተሽ አምጪልኝ፤ ሳታስበው ላስደስታት» ብሎ የለመናት እሱ ነው። «ተኝታ እንደነካኋት ካወቀች ትገድለኛለች፤ ብትሞት እንኳ እንዳትናገር!» ብላ ያስማለችው ደግሞ እሷ ናት። እህቷ ከሥራ ብዛት ደክሟት ጋደም እንዳለች፣ ቁንጫ የስፌት መኪናው ላይ ያገኘችውን ክር የእህቷ ጣት ላይ ጠምጥማ፣ ጠበቅ አድርጋ ቆረጠች። የዚያን ቀን እህቷ ስትሰፋ የዋለችው የሱሪ ወገብ ነበር።

ቁንጫ ክው አለች። ክሩ ላስቲክ ነበር! ጣቱ ላይ ሲጠመጠም ተለጠጠ፣ ሲቆረጥ ተሰበሰበ፤ ወርቅ ሰሪው ምስኪን በተሰበሰበው ልክ ሠራው። እንዲህ ያለውን ጥፋት ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ሰው አይሠራውም ነበር።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፤» አለች እናቷ፣ «ቀለበቱ እንቢ ካለ ጦርነቱ እስኪያልቅ ይቆይ። የሚያስቸኩል ነገር የለም።»

ያዘነች አትመስልም። ቁንጫ ለምን እንደሆነ ታውቃለች። የጎረቤታቸው የፀጉር ሠሪዋ እጮኛ ቀለበት ባሰረ በወሩ ግንባር ላይ ቀረ። ፀጉር ሠሪዋ እስከ ዛሬ የሰው ፀጉር ስታጥብ እንኳ ቀለበቷን አታወልቅም፤ ቁንጫ ያንን ባየች ቁጥር ትፈራለች። አሁን ዝም ብትል እህቷ እንደዚያች ሴት አትሆንም። ጥቂት ታለቅሳለች፣ ከዚያ ይወጣላታል። የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነው።

ያስቸገራት ሹፌሩ ነው። ቢያጋልጣት በቀለላት ነበር። እሱ ግን ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ ያልበዋል እንጂ ትንፍሽ አይልም። እጮኛው ፊት ለፊቱ እያመለጠችው፣ ለአንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ የማለውን ይጠብቃል። «ተናገር እንጂ፣ አንተ ፋራ!» አለች በሆዷ።

እህቷ ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን ጉልበቶቿ መሀል ደበቀች።

«እኔ ነኝ» አለች ቁንጫ።

ሁሉም ዞሩ።

«እኔ ነኝ የለካሁሽ። ተኝተሽ። በዚያ በወገቡ ክር...»

እህቷ ወደ ስፌት መኪናው አየች፣ ወደ ቁንጫ አየች። «በላስቲኩ?»

«ነጭ ነበራ! እኔ ምን አውቃለሁ፣ አቦ!»

«የስፌት መኪና ሥር ያደግሽ ልጅ፣ በላስቲክ ትለኪኛለሽ?» እህቷ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነባትና በክንዷ ዓይኗን ጠረገች። አጎቱ ጉልበታቸውን እየመቱ ተንፈቀፈቁ። ሹፌሩ አልሳቀም። በረጅሙ ተነፈሰና በኮፍያው ላቡን አበሰ።

እህቷ ከመሳቢያው የጥጥ ክር አወጣች። ቁንጫ ሰው ሁሉ እያያት እንደገና ለካች። ወርቅ ሰሪው ከመንገዱ ማዶ፣ ከፋርማሲው ጀርባ ነው፤ ለማስፋት ብዙ አይፈጅበትም። ሹፌሩ ሊነሳ ሲል አጎቱ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

«የቀረቻችሁ ጊዜ ይችው ናት፤ አብራችሁ ተቀመጡ። ያበላሸችው ትሩጥ!»

እናቷ እስከ ደጅ ሸኘቻት። ምንም ያልሆነውን የቁንጫን ኮሌታ እያስተካከለች፣ «ቀስ ብለሽ ሂጂ» አለቻት በሹክሹክታ።

«ምን?»

«አትሩጪ። ትወድቂያለሽ።» ይህን ስትል ዓይኗን አላየቻትም።

ቁንጫ ገባት፤ ቀስ ካለች ሹፌሩ ቀለበቱን ሳያስር እኩለ ቀን ይደርሳል። ቀለበቱንና ክሩን ጨብጣ ቀስ ብላ መሄድ ጀመረች። እናቷ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

«ምነው ቁንጫ፣ አሞሻል እንዴ?» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ ከቤቷ ደጃፍ። አንዲት ደንበኛ አጎንብሳላት፣ እጇ አረፋ በአረፋ ሆኗል።

ቁንጫ ቆመች። «ቀለበትሽን ግን ለምን አታወልቂውም?»

ፀጉር ሠሪዋ አረፋ የለበሰውን ጣቷን ቀና አድርጋ አየችው። «ለምን አወልቀዋለሁ?» አለች። «የኔ እኮ ነው።»

ቁንጫ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ቀስ ብላ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ዞር አለች፤ እናቷ አሁንም በሩ ላይ ናት። ቁንጫ እጇን አውለበለበችላት። ማዕዘኑን ታጠፈች፣ የጫማዋን ክር አጠበቀች፣ ከዚያ ሮጠች።