የሻሹ ጠረን

እሷ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከአበባ፣ ከቅጠልና ከዘር ዘይት የምታወጣ ባለሙያ ናት፤ እሱ የዘይት ማውጫ ማሽኑን ፓምፕ የሚጠግን መካኒክ። ፓምፑ ደህና ሲሆን እንኳ እየመጣ ብሎን ያጠብቃል። ነገሩ ለሠራተኛው ሁሉ ገብቶታል፤ እሱ ብቻ እንዳልገባው ይሆናል።

ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ቀለበቱን ግን አላወለቀም።

«ከሞተች ሴት ጋር ምን ያጋፋሻል?» ትላታለች እህቷ። «እሷ እንደሆነች አታረጅ፣ አትነጫነጭ።»

እሷ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ትጠብቀው ነበር።

አንድ ቀን በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሻሽ ይዞ መጣ። «የሷ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ጠረኗ እየጠፋብኝ ነው። ከአበባ የምታወጪውን ከዚህም ብታወጪልኝ በጠርሙስ አስቀምጠው ነበር።»

ሻሹን ከእጁ ተቀበለችው። ቢሆንም እውነቱን አልደበቀችውም። «ማሽኑ ውስጥ የምንጨምረውን ጋዝ አሙቀን በኃይል ስናምቀው ጋዝም ፈሳሽም አይባል፤ ክሩ ውስጥ ሰርጎ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ይወጣል። ከተበላሸ ሻሹ ላይ ምንም አይቀርልህም።»

«ብተወውም መጥፋቱ አይቀርም። ካንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?»

ሥራው እጇን ስለሚያደርቀው ሎሚ ሎሚ የሚል ቅባት ትቀባለች፤ ስለዚህ ያለ ጓንት ናሙና ነክታ አታውቅም። የዚያን ዕለት ግን እሱ ፓምፑን ሊያስነሳ ዞር ሲል ጓንቷን አውልቃ ሻሹን በመዳፏ ዳበሰችው። ያቺ ሴት እሷ የሌላት ምን ነበራት? ከዚያ አጣጥፋ የብረቱ ዕቃ ውስጥ ከተተችው።

ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ከቱቦው ጫፍ ጥቂት ጠብታ ጠርሙስ ውስጥ ተጠራቀመ።

ጠርሙሱን አፍንጫው ሥር ይዞ ዐይኑን ጨፈነ። ፊቱ ሲፈካ አየችው፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ።

«ይሄ ያንቺ ጠረን ነው።»

ተቀብላ አሸተተች። ከሎሚው በቀር ምንም አልነበረበትም።

«እጄ ነው፤ ጓንቴን አውልቄ ነካሁት። ይቅር በለኝ።»

ሻሹን አነሳና አሸተተው። እንደ አዲስ ጨርቅ ባዶ ነበር።

«አንቺን አይደለም የምቀየመው» አለ ሻሹን እያጣጠፈ። «አንድ ጊዜ አሽትቼ ለየሁሽ። የሷን ግን ቀኑን ሙሉ ላስታውስ ብሞክር አልመጣልኝም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«እወድሃለሁ» አለችው።

«አውቃለሁ። እኔም ወድጄሽ ነው የማፍረው።»

ሻሹንም ጠርሙሱንም ይዞ ወጣ።

እሷ ቅባቷን አልቀየረችም። ፓምፑን አሁን ሌላ መካኒክ ይጠግነዋል። የሚመጣው ሲበላሽ ብቻ ነው።