ከላስቲኩ በታች ያለው ጉዝጓዝ

ትርንጎ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ቦንጋ ነው፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ጓሮው እንሰት የሞላበት ቤት። የጅማው መንገድ ገና ጠጠር በነበረበት ጊዜ ነው እንግዲህ። ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! አንተ ጥግ ያለኸው፣ ጓደኛህን አትቆንጥጥ!

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ የሚያድርበት ሜዳ ግን ዝናብ የጠገበ ነው። ለጥምቀቱ ውሃ ገንዳ ሲቆፍሩበት ጭቃ ይሆናል።

"እንግዲያው ገንዳውን ከመሬት በላይ እንሥራው" አሉ አናጢው ጋሽ አምባው። ጣውላ ገጥመው ወለል የሌለው አንድ ትልቅ ሳጥን መሬቱ ላይ አቆሙ።

ውስጡን የሚሸፍን ላስቲክ መምረጥ መጣ። ልጆቹ "ሰማያዊው! ሰማያዊው!" ብለው ጮኹ። ማን አይጮህም፣ ሲያምር! ጋሽ አምባው በጣታቸው ሲስቡት ግን ሳሳ።

"ይሄ አይሆንም። ወፍራሙ ጥቁር ይሻላል። እሱም ቢሆን ሥሩ ካልተመቸው ይቀደዳል። ውሃ ከባድ ነው፣ ልጆች።"

ስለዚህ እያንዳንዱ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ሳጥኑ ውስጥ ካለው መሬት ድርሻ ቦታ ተሰጠው። ጠጠሩን ይለቅማል፣ ጉቶውን ይነቅላል፣ ከዚያ ኮባ፣ ያ ሰፊው የእንሰት ቅጠል፣ ደራርቦ ይጎዘጉዛል።

ትርንጎ አንድ ሸክም ኮባ ይዛ ወጣች። ምን ያደርጋል፣ መንገድ ላይ ጓደኛዋ ዝማሬ አገኘቻት።

"ቁልቁለቱ ላይ እንንሸራተት?"

"ኮባው እኮ የገንዳው ነው።"

"ፈሪ! አንዴ ብቻ!"

ይቺን "አንዴ ብቻ" እናንተም ታውቋታላችሁ! ኮባው ላይ ቁጭ፣ ሽርርር! ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ኮባው ግን ተተልትሎ አለቀ።

ትርንጎ ስትደርስ ሌሎቹ ጨርሰዋል። ከድርሻዋ መሃል አንድ ሹል ጉቶ ወጥቷል። ሳበችው፣ እምቢ አለ። የተረፈችውን አንዲት ቅጠል ጣል አደረገችበት።

"ትርንጎ፣ ጨረስሽ?"

"አዎ፣ ጋሽ አምባው!"

ላስቲኩ ተዘረጋ። ማን ያያል?

በከተራ ጠዋት ሴቶቹ ውሃ መቅዳት ጀመሩ። ከምንጩ እስከ ሜዳው ዳገት ነው። የትርንጎ እናት እትዬ ላቀችም ጀሪካን አዝለው ያለከልካሉ። "እሰይ፣ ውሃው ጉልበት ድረስ ሞላ!" ተባለ፣ እልልታው ቀለጠ። ለትርንጎ ግን ላስቲኩ ጉቶው ላይ ሲወጠር ይታያታል። ብትናገር ትሰደባለች። ዝም ብትል ገንዳው ይቀደዳል፣ የእናቷም ልፋት መሬት ላይ ይፈሳል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ታቦቱ ይመጣል!

እትዬ ላቀች ሌላ ጀሪካን ሊገለብጡ ሲሉ ትርንጎ እጃቸውን ያዘች።

"እማዬ፣ አትጨምሪ! ከሥሩ ጉቶ አለ። ኮባውን ስንሸራተትበት ጨረስኩት። ለጋሽ አምባውም ዋሸሁ።"

"አንቺ ልጅ! ወገቤ እኮ ተቆረጠ!"

ትርንጎ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ አምባው ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ገቡ። በእግራቸው ዳበሱ።

"አለ! ላስቲኩን ወጥሮታል፣ ግን ገና አልቀደደውም። ትንሽ ዝም ብትይ ኖሮ ሜዳው ሁሉ ይጠመቅልን ነበር!"

ውሃው ተመልሶ በየጀሪካኑ ተቀዳ። ላስቲኩ ተገለጠ፣ ጉቶው በመጥረቢያ ተነቀለ። ትርንጎ ወደ ጓሮዋ በረረች። ዝማሬም አፍራ ተከተለቻት። ኮባውን ደራርበው ጎዘጎዙት። ትርንጎ በላዩ ተጋድማ ሞከረችው።

"ይቆረቁራል?" አሉ እናቷ፣ ገና ተኮሳትረው።

"ኧረ አልጋ ነው፣ እማዬ!"

ይሄኔ እትዬ ላቀችም ሳቃቸው አመለጣቸው። ላስቲኩ ተመልሶ ተዘረጋ፣ ታቦቱ ሳይደርስም ገንዳው ሞላ።

በማግስቱ ቄሱ ውሃውን ባርከው ሲረጩ ገንዳው አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ትርንጎን ቀዝቃዛው ውሃ ፊቷን ሲመታት እሪ ብላ ዘለለች። ጋሽ አምባው ትከሻዋን ያዝ አደረጉና "ለከርሞ የሁሉንም ልጅ ድርሻ እየዞርሽ የምታይልኝ አንቺ ነሽ" አሏት።

ልጆቼ፣ ሰው የማያየውን ሥራ እግዚአብሔር ያየዋልና በደንብ ሥሩ፣ ካጠፋችሁም ሳይብስ ቶሎ ተናገሩ።