ሁለት ጊዜ የሞተው አልጋ ወራሽ

በ፲፰፻፸፱ ዓ.ም. በሐምሌ፤ ዝናቡ ቦምቤይን ሲወቅጣት በሰነበተበት ቅዳሜ ምሽት፤ በግራንት ሮድ ያለው ቲያትር ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። በቤቱ ዝነኛ ተውኔት ዐሥር ዓመት ሙሉ አልጋ ወራሹን ሲጫወት የኖረው ኤዱልጂ በዚያ ክረምት ዘውዱን ለወጣቱ ለዲንሻው አስረክቦ፤ አልጋ ወራሹን የሚገድለው የጦር አበጋዝ ሆኖ ወረደ። የተዋንያኑ ማኅበር ባለቤት እንዲህ ፈረደ፤ ኤዱልጂም እጅ ነሥቶ ተቀበለ። እንዲህ ያለ ትሕትና ያስፈራል።

ዲንሻው የስንብት ዘፈኑን ጨርሶ ደረቱን ሰጠ፤ የኤዱልጂ ጎራዴም ወረደ። ወትሮ በብርማ ወረቀት የተለበጠ እንጨት ነበር፤ የዛሬው ግን የሐር ልብሱን ሰንጥቆ የጎኑን ቆዳ ላጠው። ብረት ነው! ዲንሻው ወድቆ ሳለ የገዛ ደሙ ሞቀው።

«ይደገም! ይደገም!» አለ ሕዝቡ ወንበር እየደበደበ።

በዚያ ዘመን ቦምቤይ ይደገም ካለች የሞተ ይነሣል፤ ዘፍኖም ዳግመኛ ይሞታል። አልነሣም ያለ ተዋናይ ከእንግዲህ መድረክ አይረግጥም።

«ጋሼ፣ ጎራዴው ተለውጧል እኮ!» አለ ዲንሻው በሹክሹክታ።

«ተነሥ እንጂ፤ የሚጠሩት አንተን ነው» አለ ኤዱልጂ።

«እየደማሁ ነው! በእናትዎ፣ መጋረጃውን ያስወርዱልኝ!»

«ዘውዱ ሲያምርህ፣ ሞቱም አብሮት እንዳለ አልነገሩህም?»

ዲንሻው የቆሰለ ጎኑን በእጁ ይዞ ተነሣ። ሞቱን ለማዘግየት ዘፈኑን አስረዘመው፤ ያልነበረ ስንኝ ጨመረ፤ እናቱን፣ ባሕሩን፣ የሰፈሩን የውኃ ጉድጓድ ሳይቀር ተሰናበተ። ዓይኑን መጋረጃ ሳቢው ላይ ተከለ፤ ሰውየው ግን ገመዱን ለቆ እንባውን ይጠርጋል። ድምፁ በፍርሃት በተንቀጠቀጠ ቁጥር አዳራሹ አለቀሰ፤ አዳራሹ ባለቀሰ ቁጥር የኤዱልጂ ፊት ጠቆረ።

«ወገኖቼ፣ አድኑኝ! እውነተኛ ብረት ነው!» ብሎ በመጨረሻ ጮኸ።

«አቤት ሲችልበት!» አለ አንዱ ከፊት ወንበር፤ ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። ጎራዴውም ወረደ።

«ይደገም!»

ዲንሻው አልተነሣም።

«ዲንሻው! ዲንሻው!» እያለ አዳራሹ ተንጫጫ። ኤዱልጂ ጎራዴውን እንደ ያዘ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ የእሱን ስም የጠራ አንድ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ እሱም ፈራ።

ዳኞች ነገሩን አደጋ ነው አሉት፤ ኤዱልጂም አርጅቶ በአልጋው ላይ ሞተ። የዲንሻውን ጩኸት የጻፈ የለም። ከዚያ ምሽት በጋዜጣ ላይ የቀረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ተመልካቹ ሦስተኛው ሞት ስለ ተከለከለ ቅር ብሎት ወደ ቤቱ ገባ ይላል።